"ይማርሽ" የሚለኝ አጥቼ ነበር

ለፋሲካ አዲስ አበባ ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ከአክስቴ ጋር ፒያሳ ጊዮርጊስ ተሳልመን ግቢው ውስጥ ጥድ ሥር አረፍ እንዳልን ሦስቴ አከታትሎ አስነጠሰኝ። አክስቴ "ይማርሽ" አሉኝ፣ አጠገባችን የተቀመጡ የማላውቃቸው እናት ደሞ "ይማርሽ ልጄ"። "ያኑርዎት" ስል እምባዬ መጣ፣ ከማስነጠሱ አልነበረም።

እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምንም አልሆንኩም፣ በሦስተኛው ሚያዝያ ግን ዓይኔ በርበሬ እንደነካው ይለበልበኝ ጀመር፣ አፍንጫዬ ድፍን፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ጉንፋን ነው ብዬ ዝንጅብል በማር፣ ጤና አዳም ምናምን ስጠጣ ከረምኩ፣ አንድ ክሊኒክማ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ ሸኘኝ። ፖለን፣ ማለትም የዛፍና የአበባ ብናኝ አለርጂ እንደሆነ ያወቅኩት ከስንት ምልልስ በኋላ ነው፣ ለካ አዲስ አገር የገባ ሰው ላይ ብዙ ጊዜ ዓመታት ቆይቶ ነው የሚነሳው።

እኔ ጥፋተኛ ያደረግኩት የቼሪ ዛፉን ነበር፣ ያ በ1912 እ.ኤ.አ. ከጃፓን ለዋሽንግተን የተሰጠውን፣ ሰው ሁሉ ፎቶ የሚነሳበትን። እሱ ግን ንብ የሚጠራ አበባ ስለሆነ ብናኙ ከነፍሳቱ ጋር ነው የሚሄደው። የኔው ጉድ ኦክ የሚባለው ዛፍ ነው፣ አበባው ከቅርንጫፉ እንደ ክር የሚንጠለጠል፣ ማንም ዞር ብሎ የማያየው። ጠዋት መኪናዬ ላይ የሽምብራ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል፣ በጣቴ ስሜን ብጽፍበት ይነበባል። ለዓመታት ያንን ዛፍ ጠላሁት በቃ።

ይሄን ሁሉ ለአክስቴ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና ተነስተው የጥዱን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገው ያዙልኝ። ጫፉ ላይ ከጤፍ ትንሽ የሚበልጡ ቢጫ ቡኒ ቅንጣቶች አሉ። "ይሄ ወንዱ ነው" አሉኝ፣ ከዛ ወዲያ ማዶ ያለችውን አሳዩኝ፣ ሰማያዊ ጥቁር ፍሬ ያዘለችውን፣ "ያቺ ሴቷ"። የሐበሻ ጥድ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሚቆሙ ዛፎች መሆናቸውን እዚሁ ሰፈር አድጌ አላውቅም ነበር እኮ! መሄድ አይችሉም፣ አበባቸው ንብ አይጠራም፣ ያላቸው ነፋስ ብቻ ነው፣ ነፋስ ደሞ የት እንደሚጥለው ስለማይታወቅ ዛፉ አብዝቶ ይበትናል፣ አንዷ እንድትደርስ። ኦኩም እንደዛው፣ እኔ ላይ የሚያርፈው መንገድ ስቶ ነው፣ ሰውነቴ ነው ጠላት መጣ ብሎ የሚዋጋው። ያ ቢጫ ዱቄት ባይኖር የኦክ ፍሬ የለም፣ በረንዳዬ ድረስ እየመጣች ፍሬውን የምትቀብረው ስኩዊረል የምትባል ትንሽ እንስሳም ያንን ፍሬ አታገኝም።

ረቡዕ እመለሳለሁ። የአለርጂ መድኃኒቴን ሰቲሪዚንን እውጣለሁ፣ መስኮት እዘጋለሁ፣ ከውጪ ስገባ ፀጉሬን እታጠባለሁ፣ ያው እንደ ድሮው ነው፣ ማሳከኩም አይቀርልኝም።

ከግቢው ስንወጣ አክስቴ ክንዴን ይዘው "እዛ ሲያስነጥስሽ ማን ይማርሽ ይልሻል?" አሉኝ። ዝም አልኩ።

"እኔ ጋ ደውዪ" አሉኝ፣ "ሌሊትም ቢሆን አነሳለሁ።"