«72 ሲዝንስ» ላይ ከመፍረድ በፊት

ዛሬ አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ የሮክ ወዳጆች ክርክር ጦፎ ነበር። ርዕሱ የአሜሪካው ሮክ ባንድ ሜታሊካ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው «72 ሲዝንስ» አልበም ነው። ግማሹ «የድሮው ጉልበት ተመለሰ» ሲል ግማሹ «በጣም ረዘመ» ይላል። 12 ዘፈን፣ 77 ደቂቃ ነውና ርዝመቱ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ እውነት አለው።

ስለ ድምፁ ጥራት የሚሰጠው ፍርድ ግን ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አደማመጥ ላይ ነው። አሮጌና አዲስ ዘፈን ሲነጻጸር ጮክ ያለው የተሻለ ይመስላል፤ ጆሮ በዚህ ይታለላል። መጀመሪያ ስልኩ ላይ ኢኳላይዘሩን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን) ማጥፋት፣ ከዚያ የሁለቱን ዘፈኖች ድምፅ እኩል ማድረግ፣ ቀጥሎ ስኔር ድራሙን (ሹል ምት ያለውን ከበሮ) ብቻ መከተል ነው። ምቱ «ጧ!» ብሎ ከጊታሩ ፊት ከወጣ ጥሩ። ጊታሩ ውስጥ ሰምጦ ከተንጫጫ ግን ማስተሪንጉ (የመጨረሻው የድምፅ ማስተካከያ) ላይ ጮክ እንዲል ተብሎ ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የባንዱ አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» አድናቂዎች «እንደገና ይሠራልን» ብለው ፊርማ ያሰባሰቡት በዚሁ ምክንያት ነበር። ጊታር ሂሮ ጌም ላይ የወጣው ቅጂ ያን ያህል ስላልተጨፈለቀ ልዩነቱን በጆሯቸው ሰሙት። ልክ ነበሩ!

ታክሲ ውስጥ በአንድ ጆሮ ብቻ ሰምቶ «አልቆላቸዋል» ማለት ግን ግፍ ነው። ጊታሮቹ ግራና ቀኝ ስለተከፈሉ ግማሹ ሥራ አይሰማም።