ሁለተኛውን ጥያቄ ያላዘጋጀ እንደራሴ

ለሚኒስትር የሚቀርብ የበጀት ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚከሽፈው ከመልሱ በኋላ ነው። እንደራሴው ጥያቄውን አሳምሮ ያነባል፣ ሚኒስትሩ ይመልሳል፣ እንደራሴው «አመሰግናለሁ» ብሎ ይቀመጣል። አለቀ። ሚኒስትሩ ለመጀመሪያው ጥያቄ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው፤ ባለሙያዎቹ ሊነሣ የሚችለውን ሁሉ ገምተው መልሱን በወፍራም አቃፊ አስይዘውታል። አቃፊው የማይደርስበት ከራሱ ከመልሱ ላይ ተነሥቶ የሚቀርበው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የዝግጅት ጊዜ ካጠረ ከመጀመሪያው ተቀንሶ ለእሱ ይሰጥ።

በቅድሚያ ግን ምኑ በየት እንደሚጠየቅ መለየት ያሻል። እጅ ላይ የሌለ ቁጥር በቃል አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው በጽሑፍ ነው። በቃል ከተጠየቀ ሚኒስትሩ ወይ ያልተጣራ ቁጥር ይናገራል፣ ወይ «አጣርተን እናቀርባለን» ይላል፤ በሁለቱም ዕድሉ ባከነ። መድረኩ የሚጠቅመው አስቀድሞ በጽሑፍ የተገኘውን ቁጥር ይዞ «ለምን?» ለማለት ነው።

አንዳንድ ምክር ቤቶች ይህን ልዩነት በደንባቸው ውስጥ አስገብተውታል። በህንድ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት፣ በሎክ ሳብሃ፣ የጥያቄ ሰዓቱ ከረፋዱ 5 እስከ 6 ሰዓት ነው። ኮከብ የተደረገበት ጥያቄ በቃል ይመለሳል፣ ተከታይ ጥያቄም ይፈቀድበታል፤ በቀን ከ20 አይበልጥም። ኮከብ የሌለው በጽሑፍ ብቻ ይመለሳል፣ በቀን እስከ 230 ይደርሳል። በጽሑፍ የሚገኝ ቀላል ቁጥር ለማግኘት ብሎ ኮከብ ያለበትን ዕድል የሚያጠፋ አባል ራሱን ነው የሚጎዳው። በብሪታንያ የጽሑፍ ጥያቄም የራሱ ወጥመድ አለው፦ መልሱን ማዘጋጀት ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ መንግሥት ወጪው አይመጣጠንም ብሎ ሊተወው ይችላል። «ባለፉት 10 ዓመታት በመላ አገሪቱ…» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ ወጥመዱ ውስጥ ዘሎ ይገባል። አንድ ዓመት፣ አንድ የሂሳብ መደብ፣ አንድ ፕሮግራም ተብሎ ሲጠብ ግን እምቢ ማለት ይከብዳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። «በጀቱ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ቢያንስ አራት እውነተኛ መልሶች አሉ፦ በመጀመሪያ የጸደቀው፣ በዝውውርና በተጨማሪ በጀት የተስተካከለው፣ ውል የታሰረበት፣ በትክክል የተከፈለው። ሚኒስትሩ ቅንጣት ሳይዋሽ የሚበጀውን መርጦ መናገር ይችላል። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማሳያ ያህል ብቻ ናቸው፣ የገንዘቡም ዓይነት የፈለገው ይሁን።

አንድ የጤና ሚኒስቴር እያንዳንዱ 8,000 የሚያወጣ 50,000 የሆስፒታል አልጋ ለመግዛት 400 ሚሊዮን ጸደቀለት እንበል። በዓመቱ አጋማሽ ከሥልጠና በጀት 60 ሚሊዮን ተዛውሮለት 460 ሚሊዮን ሆነ። በ11ኛው ወር መጨረሻ የተከፈለው 253 ሚሊዮን ነበር፤ ዓመቱ ሲዘጋ 437 ሚሊዮን ደረሰ። ሪፖርቱ «የበጀት አጠቃቀም 95 ፐርሰንት» ይላል። እውነት ነው፣ 437 ለ460 ሲካፈል 95 ይመጣል። መጀመሪያ ከጸደቀው ጋር ሲነጻጸር ግን 109 ፐርሰንት ነው። ቀጥሎ የሚታየው የየወሩ ክፍያ ነው፦ በመጨረሻው ወር ብቻ 184 ሚሊዮን ወጥቷል፣ ከዓመቱ ወጪ 42 ፐርሰንቱ። ገንዘብ ዓመት መዝጊያ ላይ እንዲህ ሲጎርፍ ወይ የከረመ ደረሰኝ በአንዴ ተከፍሏል፣ ወይ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ለአቅራቢዎች ቅድሚያ ክፍያ ተሰጥቷል። ከ184ቱ 120 ሚሊዮኑ ቅድሚያ ክፍያ ሆኖ በወጪ ተመዝግቧል፣ ዕቃው ግን አልመጣም እንበል። የቀረው 317 ሚሊዮን ነው። የአንዱ አልጋ ዋጋ ወደ 10,000 ስለወጣ በዚያ ገንዘብ መጋዘን የገባው 31,700 አልጋ ነው፤ ከዕቅዱ 63 ፐርሰንት። 95፣ 109፣ 63፤ ሦስቱም ትክክል ናቸው። ታካሚ የሚተኛው ግን በ63ቱ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አፍረጥርጦ የሚያወጣ የጽሑፍ ጥያቄ ረጅም መሆን የለበትም፦

«በተጠናቀቀው በጀት ዓመት ለሆስፒታል አልጋ ግዥ በተያዘው የሂሳብ መደብ፦ ሀ) በመጀመሪያ የጸደቀው በጀት ስንት ነበር? ለ) በዝውውር የገባው ወይም የወጣው ስንት ነው፣ ከየትኛው መደብ፣ በማን ፈቃድ፣ በምን ቀን? ሐ) በእያንዳንዱ ወር የተከፈለው ስንት ነው? መ) ከተከፈለው ውስጥ ዓመቱ ሲዘጋ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ስንት ነው? ሠ) ተቆጥሮ በንብረት ገቢ ሰነድ የተመዘገበው አልጋ ስንት ነው?»

«ሠ» ከተረሳች ሌሎቹ አራቱ የገንዘብ ወሬ ሆነው ይቀራሉ። «ለ» ላይ ደግሞ «ከየትኛው መደብ» የምትለዋ ሐረግ ሁለተኛ በር ትከፍታለች፦ 60 ሚሊዮን የተወሰደበት ሥልጠናስ ምን ሆነ? ሳይሰጥ ቀረ? ወይስ መጀመሪያውኑ በትርፍ የተያዘ ነበር? የመሥሪያ ቤቱ ሂሳብ የሚያዘው ገንዘብ ሲወጣ ብቻ በሚመዘገብበት ዘዴ ከሆነ ስድስተኛ ጥያቄ ይጨመር፦ ዕቃው ተረክቦ ገና ያልተከፈለ ውዝፍ ስንት ነው? ደረሰኙ መሳቢያ ውስጥ እስካለ ድረስ በወጪ ሪፖርቱ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት፣ የሌላውን ሥራ በጀት ሲበላ ነው።

በቃል ሲሆን ይህ ሁሉ ይቀርና አንድ ብቻ ይጠየቃል፦ «ክቡር ሚኒስትር፣ ዓመቱ በተዘጋበት ዕለት መጋዘን የገባው አልጋ ስንት ነው?» መልሱ ከአንድ ቁጥር ሌላ ሊሆን አይችልም። የመግቢያ ንግግር፣ ምስጋና፣ የመራጩ ሕዝብ ሰላምታ፣ እነዚህ ሁሉ ለሚኒስትሩ የማሰቢያ ጊዜ ናቸው። በአንድ ትንፋሽ አራት ጥያቄ ከተደረደረ ሚኒስትሩ ቀላሉን መርጦ ሰፊ ማብራሪያ ይሰጥበታል፤ ሦስቱ እንደተመለሱ ተቆጥረው ያልፋሉ። ከዚህ የባሰው የአሥር አባላት ጥያቄ ተሰብስቦ ሚኒስትሩ በአንድ ላይ እንዲመልስ የሚደረግበት አሠራር ነው። ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ በተግባር ግን ማን ምን እንደጠየቀ ተረስቶ መልሱ ንግግር ይሆናል፣ ሁለተኛ ጥያቄ የሚባል ነገርም አይኖርም። አሠራሩ የማይቀየር ከሆነ አባላቱ አስቀድመው ተነጋግረው ሦስቱ አንድ ጉዳይ ቢከፋፈሉ ይሻላል፦ አንዱ የገንዘቡን፣ አንዱ የዕቃውን፣ ሦስተኛው የቀኑን።

ከአቃፊው የሚወጡት የማምለጫ መልሶች ብዙ አይደሉም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው ሁለተኛውን ጥያቄ ጽፎ መግባት ይቻላል። «95 ፐርሰንት ፈጽመናል» ከተባለ፦ «ከየትኛው በጀት፣ ከጸደቀው ወይስ ከተስተካከለው?» «በሂደት ላይ ነው» ከተባለ፦ «በውሉ መሠረት የርክክቡ ቀን መቼ ነበር? ካለፈስ አቅራቢው የመዘግየት ቅጣት ተጠይቋል?» ይህቺኛዋ በተለይ ጥርስ አላት፤ ቅጣት ካልተጠየቀ ለምን የሚለው ጥያቄ ራሱ ይከተላል። «እኔ ከመሾሜ በፊት የተወሰነ ነው» ከተባለ፦ «እርስዎ ከተሾሙ ወዲህ በዚሁ ውል የተከፈለው ስንት ነው?» «በጽሑፍ እናቀርባለን» ከተባለ፦ «በምን ቀን?» ብሎ ቀኑ በቃለ ጉባኤ እስኪገባ አለመቀመጥ።

ጠንከር የሚለው «የንግድ ምስጢር ነው» ወይም «የጸጥታ ጉዳይ ነው» የሚለው መልስ ነው። እዚህ ላይ የአውስትራሊያ ሴኔት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ትእዛዝ ጥሩ መንገድ ያሳያል፦ መረጃ የሚከለክል ወገን «ምስጢር ነው» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፣ መረጃው ቢወጣ በሕዝብ ጥቅም ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለይቶ መግለጽ አለበት። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበትም ጥያቄውን በዚያው መልክ መሰንዘር ይቻላል፦ «የትኛው ቁጥር ነው ምስጢሩ? ጠቅላላ ክፍያው? ብዛቱ? ወይስ የአንዱ ዋጋ?» አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሁለቱ ምስጢር አይሆኑም። ለቀረው ዝግ ስብሰባ አለ።

ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ የሚለውም ከጥያቄው እኩል ይወስናል። ሚኒስትሩ ብቻውን ሲመጣ «ይህ ቴክኒካል ነው፣ ባለሙያዎቹ ያውቁታል» ይላል፤ ባለሙያው ብቻውን ሲመጣ «ይህ የፖሊሲ ጉዳይ ነው» ይላል። ገንዘቡ በሁለቱ መሐል ይሾልካል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1861 የተቋቋመው የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ ከሚኒስትሩ ይልቅ በአብዛኛው የሚጠራው የመሥሪያ ቤቱን ቋሚ ጸሐፊ ነው፤ ለሂሳቡ በግሉ ተጠያቂ የተደረገውን ሰው ማለት ነው። ሰብሳቢው ከተቃዋሚው ወገን ነው። ኮሚቴው ፖሊሲው ትክክል ነው አይደለም የሚለው ክርክር ውስጥ አይገባም፤ ገንዘቡ በቁጠባ፣ በቅልጥፍናና ውጤት በሚያመጣ መንገድ ወጣ ወይ ይላል። እዚያው አንድ የምወደው ሥርዓት አለ፦ ቋሚ ጸሐፊው አንድ ወጪ ደንብ የጣሰ ወይም ገንዘቡን የማይመጥን ነው ብሎ ካመነ ሚኒስትሩን የጽሑፍ ትእዛዝ መጠየቅ አለበት፣ ቅጂውም ለዋናው ኦዲተር ይደርሳል። «ለዚህ ወጪ የጽሑፍ ትእዛዝ ተጠይቆ ነበር?» የምትል አጭር ጥያቄ ውሳኔው የማን እንደሆነ በአንድ ቃል ትለያለች።

በአውስትራሊያ ሴኔት የበጀት ምርመራ ደግሞ ሚኒስትሩና ባለሙያዎቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባለሙያው ስለ ፖሊሲው የግል አስተያየቱን አይጠየቅም፤ ፖሊሲው መቼና እንዴት እንደተወሰነ ግን ያብራራል። ስለዚህ «ይህ አካሄድ ጥሩ ነው ብለው ያምናሉ?» ውድቅ ይሆናል፣ «ውሳኔው የተላለፈው በምን ቀን ነው? የወጪ ግምቱ የተሠራውስ ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ያልፋል። ግምቱ ከውሳኔው በኋላ የተሠራ ከሆነ ስለ ፖሊሲው ጥራት ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ድክመት የለውም ማለት አይደለም፦ የታችኛው ምክር ቤት አባል የሆነ ሚኒስትር እዚያ አይቀርብም፣ ሴናተር የሆነ ሌላ ሚኒስትር ይወክለዋል፤ ወካዩም «አጣርቼ እመልሳለሁ» ማለት ይቀናዋል።

ፖሊሲን በበጀት በኩል ለመያዝ ህንዶች ግልጽ መሣሪያ አላቸው፣ የቅነሳ ሞሽን (የቅነሳ የውሳኔ ሐሳብ) የሚባል። አባሉ የመሥሪያ ቤቱን ፖሊሲ ከሥሩ የሚቃወም ከሆነ በጀቱ ወደ 1 ሩፒ ይውረድ ይላል፤ አንድ የተለየ ቅሬታ ብቻ ካለው 100 ሩፒ ይቀነስ ይላል። ከመቶ ሩፒው የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ጥቅሙ ሚኒስትሩ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ ቆሞ እንዲመልስ ማስገደዱ ነው።

ጊዜው ካለፈ ግን የትኛውም መሣሪያ አይሠራም። በካናዳ ዓመታዊው የበጀት ግምት ለቋሚ ኮሚቴዎች ይመራል፤ እስከ ሜይ 31 ሪፖርት ያላቀረበ ኮሚቴ እንዳቀረበ ይቆጠራል። በህንድም የተመደበው ቀን ሲያልቅ ያልተመረመሩት የሚኒስቴር በጀቶች ሁሉ ያለ ክርክር ድምፅ ይሰጥባቸዋል። ሁሉንም መሥሪያ ቤት በእኩል አዳርሳለሁ የሚል ኮሚቴ የትኛውንም ሳይመረምር ቀኑ ይደርስበታል። ሁለት ሦስት የሂሳብ መደብ መርጦ እስከ መጋዘን ድረስ መከተል ይበልጣል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድሞ አለመታወቁ ሌሎቹንም ያስጠነቅቃል።

ከስብሰባው ማግስት ያለው ሥራ አሰልቺ ስለሆነ ማንም አይወደውም። ቃለ ጉባኤው ሲወጣ ሚኒስትሩ ቃል የገባባቸው ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ፣ ሳይተረጎሙና ሳያጥሩ በአንድ መዝገብ ይገለበጣሉ፦ የተባለው ቃል፣ የተባለበት ቀን፣ የሚደርስበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን። «እስከማውቀው ድረስ» ወይም «በግምት» የሚል ቃል ካለበት እሱም አብሮ ይጻፍ፤ ነገ የሚመጣው ማስተካከያ ከዚያች ቃል ነው የሚነሣው። የጽሑፍ መልስ ሲደርስ ከቃሉ መልስ ጋር ጎን ለጎን ይነበባል። ቁጥሩ ከተለያየ ልዩነቱ ራሱ የሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ጨርሶ ካልደረሰ ደግሞ ሰብሳቢው የመሥሪያ ቤቱን አዲስ የበጀት ጥያቄ ከማስነበቡ በፊት ያልደረሱትን መልሶች ከነቀናቸው አንድ በአንድ ያስነብባል።