አምሳዎቹ ሴቶች

ዛሬ የዋልኩት በኬንያዋ የወደብ ከተማ ሞምባሳ፣ ፎርት ጂሰስ ምሽግ ውስጥ ነው። ግንቡ የተሠራው ከኮራል ድንጋይ ስለሆነ መዳፍ ሲያሳርፉበት ይሻክራል፤ ይኸው መሽቶም ያ ሸካራነት ከእጄ አልጠፋም።

ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 እስከ 1596 ያሠሩት ይህ ምሽግ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በማርች 1696፣ በኦማን ኢማም በሰይፍ ቢን ሱልጣን ጦር ተከበበ፤ ከበባውም እስከ ዲሴምበር 1698፣ ለ33 ወራት ያህል ዘለቀ። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የሁለት ባሕር ተሻጋሪ መንግሥታት ፍልሚያ ሆኖ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ልቤ የቀረው በ1697 ክረምት ላይ ነው።

ከበባው ሲጀመር በውስጡ የነበሩት የፖርቱጋል ወታደሮች ከ70 አይበልጡም ነበር፤ የቀሩት ከእነርሱ ጋር የወገኑ የጠረፉ ነዋሪዎች ነበሩ። ከሕንድ፣ ከጎዋ፣ ደራሽ ጦር ቢመጣም ወረርሽኝ ገባና በጁላይ 1697 ፖርቱጋሎቹ አልቀው ምሽጉ ፋዛ ከምትባለው የጠረፍ ከተማ በመጣው በሼህ ዳውድ እጅ ቀረ። አብረውት የነበሩት 17 የቤተሰቡ አባላት፣ 8 አፍሪካውያን ወንዶችና 50 አፍሪካውያን ሴቶች ናቸው። ሴፕቴምበር ላይ መርከብ እስኪደርስላቸው ድረስ፣ የሌላ ንጉሥ ንብረት የሆነውን ያንን ቅጥር ለሁለት ወር ጠብቀው ያቆዩት እነርሱ ናቸው።

የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያው አጠገብ ብዙ ቆምኩ። ውኃውን ቀድተው፣ ታማሚውን አስታመው፣ ሙታኑን ቀብረው፣ ሌሊት ደግሞ ግንቡ ላይ ተራ የጠበቁት እነዚያ ሴቶች መሆን አለባቸው ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ሰው ባለቀበት ግቢ ከእነርሱ ሌላ ማን ነበር? ባነበብኩት ሁሉ የአዛዦቹና የመሐንዲሱ ስም ተጽፏል፤ ሴቶቹ ግን የተጻፉት በቁጥር ብቻ ነው፤ ይህም እንደ ራሴ ዘመዶች መረሳት አንገበገበኝ። በዚያው ዓመት ከምሽጉ ሥር የሰጠመችው ሳንቶ አንቶንዮ ደ ታና መርከብ እንኳ በስሟ ትጠራለች፤ ከባሕር የወጡት ዕቃዎቿም በሙዚየሙ ተቀምጠዋል።

ምሽጉ ዲሴምበር 13 ቀን 1698 ሲወድቅ የቀሩት የፖርቱጋል ተከላካዮች አሥር ያህል ብቻ ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከጎዋ የመጡት መርከቦች የኦማንን ሰንደቅ ዓላማ ግንቡ ላይ አይተው ተመለሱ። ዛሬ ምሽጉ ለጎብኚ ሊዘጋ ሲል ወደ ባሕሩ በሚያየው ግንብ ላይ ወጥቼ የወደቡን አፍ አየሁት፤ ሸራ ብቅ ቢል ወዲያው ይታያል።