ማሽኑ ይጠገናል፣ ፊልሙ አይጠገንም

«ቤቴ ፊልም አሳያለሁ» ስል ሰው ሁሉ የሚያስበው ከስልክ ጋር የምትገናኘውን ትንሿን ፕሮጀክተር ነው። የኔ ሌላ ነው። የ16 ሚሊ ፊልም (ሚሊው የፊልሙ ስፋት ነው)፣ በሪል የተጠቀለለ፣ ጠርዙ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ እየተንጣጣ የሚዞር። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኔ ጠባብ ናት፣ ግን ለዚህ ትበቃለች። እንዴት እንደጀመርኩ የሚጠይቀኝ ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለምን 16 ሚሊ? ሲኒማ ቤቶች ሲያሳዩ የኖሩት 35 ሚሊ ነው። ማሽኑ ፍሪጅ ያክላል፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ማን ይሸከመዋል? ደግሞ እስከ 1951 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመረተ 35 ሚሊ ናይትሬት የሚባለው በቀላሉ የሚቀጣጠል ላስቲክ ሊሆን ይችላል፤ ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ ውኃ እንኳ አያጠፋውም። ኮዳክ በ1923 እ.ኤ.አ. 16 ሚሊን ሲያወጣ ግን ለቤት ብሎ ስለነበር አሲቴት በሚባል በቀላሉ በማይቀጣጠል ላስቲክ ላይ ነው የሠራው። በኋላ ትምህርት ቤቱም ኤምባሲውም ሚሲዮኑም ያዘው። የድሮ ስቶር ሲጸዳ ዛሬም ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

እኔ የማገኘው በቆራሌዎች በኩልና ምናለሽ ተራ ነው። ቆራሌዎቹን «ክብ ቆርቆሮ ካያችሁ ሳትከፍቱት ደውሉልኝ» ብያቸዋለሁ። እነሱ የሚፈልጉት ቆርቆሮውን ነው፤ ውስጡ ያለው ለነሱ ላስቲክ ነው። ስለዚህ ይመዝኑታል። ፊልም በኪሎ የሚገዛ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ከመግዛቴ በፊት አሸታለሁ። ቆርቆሮው ሲከፈት አቼቶ ከሸተተ አሲቴቱ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ሙቀትና እርጥበት ያመጣው ነገር ነው፣ የሚወጣው አሲድ ደግሞ ራሱኑ መልሶ ያፋጥነዋል፣ አጠገቡ ያለውንም ሪል ይነካል። እንዲህ ያለውን ወይ እተወዋለሁ፣ ወይ ገዝቼ ለብቻው አየር በሚያገኝ ቦታ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ጥቂት ፈትቼ በመስኮት ብርሃን አያለሁ። ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የታተመ ባለ ቀለም ኮፒ አብዛኛው ቀልቷል፤ ሰማያዊውና አረንጓዴው ጠፍቶ ሰማዩም ሳሩም የቲማቲም ስልስ መስሏል። ይኼ አይመለስም፣ ሻጩ ምንም ቢምል። ጥቁርና ነጭ ግን እንዲህ ዓይነት ችግር የለበትም። ለጀማሪ ምክሬ አጭር ነው፦ ጥቁርና ነጭ ግዙ።

አሁን ወደ ማሽኑ። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞልኝ የመጣው ፕሮጀክተር 120 ቮልት ነው። ትራንስፎርመር ሲገዛለት ነገሩ ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን፣ ማለትም መብራቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50፣ እንዲህ ያለ ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። በሴኮንድ 24 ምስል ማሳለፍ የነበረበት ማሽን 20 ብቻ ያሳልፋል። ሰው ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ይራመዳል፣ ሴቶቹ በወንድ ድምፅ ያወራሉ።

መፍትሔው ቃሊቲ መንገድ ላይ ካለ ቶርኖ ቤት ተገኘ። ሞተሩ ላይ ያለችውን ፑሊ፣ ችንጋው የሚዞርባትን ጎማ፣ አውልቄ ወሰድኩለትና «ይቺን ሲሶ ሳይሆን አንድ አምስተኛ አወፍራት» አልኩት። ልጁ ካሊፐሩን አውጥቶ ለካ፣ መልሶ ለካ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ለምን ማሽን ነው?» አለኝ። ለፊልም ስለው ሳቀ። ግን ያወጣት ነሐስ ፑሊ ልክ ናት። ችንጋው ድሮም ደርቆ ስለነበር አብሬ ቀየርኩት። ድምፁም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ማሽኑ በዚህ መንገድ ይድናል። ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ቶርኖ ቤት፣ ትንሽ ትዕግሥት፣ በቃ። ፊልሙ ግን አንዴ ከተጫረ ተጭሯል። ስለዚህ ፊልም ከማስገባቴ በፊት ሁሌም የሚያልፍበትን መንገድ አጸዳለሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ፣ የደረቀውን ቆሻሻ ደግሞ በስቴኪኒ። በብረት በፍጹም። አንዲት የደረቀች ቅንጣት ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው ቀጭን መስመር ታሰምራለች። አዲስ የተጠገነ ማሽን ላይም መጀመሪያ የማስሮጠው የማይረባ፣ ቢጠፋ የማይቆጨኝን ቁራጭ ነው።

አገባቡን ያስተማሩኝ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያጫውቱ የኖሩ አንድ ጋሼ ናቸው። ብርሃኑ በፊልሙ ውስጥ ከሚያልፍበት የማሽኑ መስኮት በላይና በታች ፊልሙ ልል ቀለበት መሥራት አለበት፣ ምክንያቱም መስኮቱ ላይ በየምስሉ ቆም ይላል፣ ቀዳዳዎቹን ይዘው የሚስቡት ጥርሶች ግን ሳይቆሙ ይዞራሉ፤ ልዩነቱን የሚውጠው ቀለበቱ ነው። የላይኛው ካነሰ ምስሉ ይዘላል። የታችኛው ከተዛባ ደግሞ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ፣ ድምፁ ከምስሉ 26 ምስል ቀድሞ ስለሚታተም። እኔ ጥብቅ ማድረግ ይቀናኛል። ጋሼ እጄን መታ አድርገው «አንተ ልጅ፣ አትጎትተው፣ ራሱ ይሂድ» ይሉኛል።

መብራቱን ታውቁታላችሁ። አምፖሉ 24 ቮልት፣ 250 ዋት ነው፣ ይግላል፣ የሚያበርደው ፋኑ ነው። መብራት ሲሄድ ፋኑም አብሮ ይቆማል። እዚያ ላይ የምናደርገው ነገር የለም። ግን ወዲያው ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ ማብሪያውንም አጠፋለሁ፣ ምክንያቱም ሲመጣ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ አይታወቅም። ስታቢላይዘር ሳይኖር ባትጀምሩ ይሻላል።

ስክሪኔ አቡጀዴ ነው፣ በደንብ ተተኩሶ የተወጠረ። ጎረቤት ይመጣል። ትልቁ ሪል 44 ደቂቃ ገደማ ስለሚሄድ ሪል ሲቀየር ቡና ይደርሳል፤ እውነቱን ለመናገር አንዳንዱ የሚመጣው ለቡናው ነው። ገንዘብ አልቀበልም። ኮፒው የኔ ነው፣ እያስከፈሉ የማሳየት መብቱ ግን የኔ አይደለም።

ክረምት ሲገባ ሪሎቹን ከወለል አነሳለሁ፣ ሻጋታ አይምርም። ቆርቆሮዎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጋድመው ይደረደራሉ፣ አይቆሙም።

ማሽን ላይ የማላወጣውም አለ። የፊልሙ ጠርዝ ጥቁር ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ካሜራ ውስጥ የነበረው ራሱ ፊልም ነው፣ ኔጋቲቭ የለውም፣ ሌላ ኮፒም ላይኖረው ይችላል። አንድ እንዲህ ያለ አለኝ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ሠርግ ነው፤ ቮልስ ቆሟል፣ ካባ የለበሰ ሙሽራ፣ ነጠላ ያጣፉ እናቶች። ስካን እስኪደረግ ድረስ አንድም ጊዜ አላስሮጠውም። ቆራሌው ሳሪስ አካባቢ ካለ ግቢ እንዳወጣው ያስታውሳል። ባለቤቶቹን ለመፈለግ ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን።