ሰንሰለቱን ያስፈታው ሰው

ዛሬ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ጮክ ብሎ ሲያወራ፣ ከኋላዬ የቆመው «እንዲህ ያለውን ማሰር ነበር!» አለ። ቃሉ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ዣን ባፕቲስት ፑሳን ትዝ አለኝ። ፓሪስ፣ ቢሴትር ሆስፒታል የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ነበር። ሐኪም አይደለም፤ እዚያው በሌላ በሽታ ታክሞ የዳነ ሰው ነው። ሕሙማን እንዳይደበደቡ ከለከለ። በ1797 እ.ኤ.አ. ሰንሰለታቸውን አስፈታ። ዝናው ግን ለረጅም ጊዜ የሐኪሙ የፊሊፕ ፒኔል ሆኖ ቆየ። (ፒኔል ራሱ ከፑሳን መማሩን ጽፏል።)

እኔን የሚነካኝ ሌላው ነገር ነው። ፑሳን አስታማሚ ሲቀጥር ካገገሙት ሕሙማን መካከል ይመርጥ ነበር። ሕመሙን ያውቁታል፤ ለዱላ አይቸኩሉም።

ዛሬም ከአእምሮ ሕመም አገግመው ሌሎችን የሚደግፉ ባለሙያዎች አሉ። በየሆስፒታሉ ቢቀጠሩ እንዴት ደስ ባለኝ!