የፐርል ጥያቄ ሲዘንብ

መሥሪያ ቤት አዲስ የገባው ልጅ ዛሬ ስለ ፐርል፣ ስለ ፕሮግራሚንግ ቋንቋው፣ በጥያቄ ወጥሮኝ ዋለ። «አሬይ (ዝርዝር) ውስጥ ያሉትን ዋጋዎች በፎርኢች (አባላቱን አንድ በአንድ በሚያነሳው ሉፕ፣ ማለትም ድግግሞሽ) እያዞርኩ 15 በመቶ ቫት ጨመርኩ። ዋናው አሬይ ለምን ተቀየረ?» አለኝ።

አሪፍ ጥያቄ ናት! በፐርል የሉፑ ተለዋዋጭ (በየዙሩ ተራ የደረሰውን አባል የምንጠራበት ስም) የአባሉ ቅጂ አይደለም፤ ራሱ የአሬዩ አባል ነው። እሱን ነካህ ማለት አሬዩን ነካህ ማለት ነው። ዋናው እንዳይነካ ከፈለግክ መጀመሪያ ወደ ሌላ ተለዋዋጭ ገልብጥ፣ ወይም በማፕ (እያንዳንዱን አባል አስልቶ አዲስ ዝርዝር በሚሰጠው ትእዛዝ) አዲስ አሬይ አውጣ።

ቀጥሎ የኢንዴክስ (የአባሉ ተራ ቁጥር) ጣጣ መጣ። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር 5 ዕቃ ያለው አሬይ መጨረሻው 4 ነው። እሱ ግን እስከ 5 ሄዶ ባዶ መስመር ታተመለት። ፐርል አመሉ ነው፤ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ካላበራህ ዝም ብሎህ ያልፋል። «ቁጥሩን ካልፈለግከው በፎርኢች ተገላገል» አልኩት።

ነገ ደግሞ ስለ ሃሽ (በተራ ቁጥር ፋንታ በስም ስለሚፈለግ የመረጃ ስብስብ) ሊጠይቀኝ ዝቷል።