ገንዳ ላይ ሴንሰር ከማስቀመጤ በፊት ይሄን የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ

ለማስተርሴ ይርጋጨፌ አካባቢ አንድ የቡና ማጠቢያ ሳይት ላይ የሰራሁት ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው፣ የተፈለፈለው ቡና ላዩ ላይ ያለው ሙጫ እንዲለቅ ገንዳ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣውን ሽታ እዛው በዛው በሴንሰር መከታተል። ናሙና ይዞ አዲስ አበባ ጂሲ-ኤምኤስ (ሽታን ለያይቶ የሚመረምር የላብራቶሪ ማሽን) ወረፋ የጠበቀ ሰው ይገባዋል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ቡናው ታጥቦ ደርቆ ሄዷል።

እቃው ርካሽ ነው። ኤምኪው-3 እና ኤምኪው-135 የሚባሉ የጋዝ ሴንሰሮች፣ ቁጥሩን የሚያነብ አርዱኢኖ የሚባል ትንሽ ሰርኪት ቦርድ፣ የዓሳ ገንዳ ፓምፕና ቱቦ። ኮዱን በአንድ ማታ ጨረስኩት። ሴንሰሩ መጀመሪያ ከ24 ሰዓት በላይ መሞቅ አለበት፣ የሳይቱ ጄኔሬተር ደግሞ ማታ ይጠፋል፣ ስለዚህ ባትሪ ያዙ።

አሁን ወደሚያበግነኝ ልምጣ። ኅዳር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ግራፉ ሽቅብ ተተኮሰ። ሲብላላ የሚወጣው አልኮል፣ ኢታኖሉ፣ ጫፍ ደረሰ፣ ቡናው በቃው ብዬ ጮቤ ረገጥኩ፣ የሳይቱን ኃላፊ ቀስቅሼ አሁኑኑ ይታጠብ አልኩት። ገንዳ ላይ ያረጁት ጋሼ እጃቸውን እስከ ክርን ከተው ፍሬውን አሸት አሸት አደረጉና "ገና ነው ልጄ፣ ያዳልጣል፣ ሲደርስ እኮ እንደ ጠጠር ይንኳኳል" አሉኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ላፕቶፑን አሳየኋቸው። ኃላፊው ደግሞ ስክሪን አይቶ አመነኝ፣ ታጠበ፣ ማጠቢያ ቦዩ ላይ ሲወርድ ግማሹ ሙጫው አልለቀቀም፣ ተመልሶ ገንዳ ገባ፣ ሰራተኞቹ ጠዋቱን ሙሉ የኔን ጥፋት ሲያሹ ዋሉ።

ሲነጋ ሳጥኑን ከፈትኩት። የሴንሰሩ ወንፊት ላይ ጤዛ ቁጢጥ ብሏል። ከገንዳው የሚወጣው አየር ሞቃትና እርጥብ፣ ቱቦዬ ደግሞ በረዶ፣ ሴንሰሩ ሌሊቱን ሙሉ የለካልኝ ውሃ ነበር።

አማካሪዬ ጋ ደወልኩ፣ እርጥበት የሚመጠውን ሲሊካ ጄል አድርግበት አለኝ። አደረግኩ። ሁለት ቀን የግራፉ መስመር ዝም አለ። ሲሊካ ጄል ውሃን ብቻ ሳይሆን ኢታኖልንም ይጠጣል፣ ይሄን ደግሞ ኬሚስት ነኝ የምል ሰው መርሳት አልነበረብኝም። ለአማካሪዬ ስነግረው "እሱማ የታወቀ ነው" አለኝ። የታወቀ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም ወንድሜ!

የሰራው ማድረቅ ሳይሆን ማሞቅ ነው። ቱቦውንና ሳጥኑን በማሞቂያ ሽቦ ጠቅልዬ 45 ዲግሪ ላይ ያዝኩት፣ ጎኑ ዲኤችቲ22 የሚባል የእርጥበት መለኪያ አስቀምጬ እርጥበቱንም መዘገብኩ። ቱቦው ቴፍሎን ይሁን፣ የሲሊኮኑ የትናንቱን ሽታ ይዞ ዛሬ ይተፋዋል። ሳጥኑንም በሲሊኮን ማጣበቂያ እንዳታሽጉ፣ ትነቱ ሴንሰሩን ይገድለዋል፣ አንድ ሴንሰር የቀበርኩት በዚህ ነው። ደግሞ ኤምኪው-3 ኢታኖልን ሲብላላ ከሚወጣው ሌላ ትነት፣ ከኢታይል አሲቴት፣ አይለይም፣ ሁሉንም ጨፍልቆ አንድ ቁጥር ነው የሚሰጣችሁ፣ "ኢታኖል ለካሁ" ብላችሁ እንዳትጽፉ።

የሳይቱ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቡናው 36 ሰዓት ይብላላ ይላል። አትስሙት፣ በብርድ ሌሊትና በሞቃት ቀን እኩል የሚብላላ ቡና የለም። እኔ ከዛ በኋላ በየሰዓቱ ከሴንሰሩ ቁጥር ጎን የጋሼን ቃል መጻፍ ጀመርኩ፣ ያዳልጣል፣ ሊደርስ ነው፣ ይንኳኳል። የማስተርስ ዲፌንሴ ላይ አንዱ ፈታኝ የዚህ የጋሼ ቃል ዓምድ መለኪያው ምንድነው ብሎ ዓምዱን ከጽሑፌ አስወጣኝ። አባሪ ውስጥ መልሼ ከተትኩት።